ቅጠሉን ያራገፈ ብሳና

ልጅ እያለሁ «ጸደቀ» የሚለውን ቃል የማውቀው ለሙታን ብቻ ነበር። ሰው ሞቶ ሲቀበር፣ ደግ የነበረ እንደ ሆነ፣ «እሳቸውስ ጸድቀዋል» ይባላል፤ ደግ ያልነበረ እንደ ሆነ ሰዎች ዝም ይላሉ። ቃሉ ለችግኝም እንደሚነገር የሰማሁት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ እስከ ከርሞው ድረስ የቤታችን መቆምና መፍረስ በዚህ በአንድ ቃል ትርጕም ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ዕድሜዬን በግእዝ ቃላት ሥርና ዘር ስመራመር የኖርሁ ሰው ብሆንም፣ ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም። ስለ ራስ መናገር በቤታችን ልማድ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ልማድ አላደረግሁትም። አሁን ብዕር ያነሣሁት ባለፈው ክረምት ያየሁት ነገር ልቤን ስላሳረፈው ነው። ያረፈ ልብ ጥቂት ይናገራል።

መንደራችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው፤ ማለዳ ገበያ የሄደ ሰው ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። አፈሩ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እንደ አሮጌ ቁርበት ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ይውጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የነካው ዕለት ግን ከመሬቱ የሚወጣው ሽታ ሌላ ነው፤ የደረቀ ጭድ፣ የከብት እበትና የብረት ሽታ አንድ ላይ የተዋሐደበት፣ ሰውን ከቤት የሚያስወጣ ሽታ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያን ሽታ በደስታ ሲስብ፣ አባቴ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ቦረቦሩ ያይ ነበር።

ቦረቦር የምንለው ጎርፍ መሬቱን ሰንጥቆ የሚቆፍረውን ገደል ነው። የእኛው ሲጀምር የከብት መንገድ ነበር ይባላል፤ ከብቶች ወደ ውኃ ሲወርዱ የረገጡት ቀጭን ፈለግ። ክረምት በመጣ ቍጥር ጎርፉ ያን ፈለግ ወደ ታች ሲምሰው፣ ወደ ጎን ሲንደው፣ ወደ ላይም ወደ መንደሩ ሲያስረዝመው ኖረ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን አውድማ ወሰደ። ቀጥሎ የእኛን የዱባ መደብ ከነዱባው ወሰደ። ዱባዎቹ በጎርፉ ላይ እየተንከባለሉ ሲሄዱ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሥቀን ነበር፤ እናቴ አልሣቀችም።

ከዱባው መደብ ቀጥሎ የነበረው የጌሾ አጥራችን ነው፤ ከጌሾው ቀጥሎ ቤቱ። አባቴ አንድ ቀን ከእርሻ ተመልሶ እጁን ሳይታጠብ፣ «ጎርፉ በሚመጣው ክረምት ይህን ጌሾ ካለፈ ቤቱን አፍርሰን ሞጣ ወንድሜ ዘንድ እንሄዳለን» አለ። አጎቴ ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨውና በርበሬ ይሸጥ ነበር። እናቴ፣ «ሞጣ በርበሬ ይሸጣል እንጂ መሬት ይሸጣል እንዴ?» አለችው። እኔ በልጅነት ልቤ ሞጣን ሳስብ ሱቁና ዳቦው ብቻ ይታየኝ ስለ ነበር መጀመሪያ ነገሩን እንደ ክፉ ወሬ አልቈጠርሁትም። በማግስቱ ግን አባቴ የቤቱን ምሰሶ በመዳፉ ቀስ ብሎ ሲዳብስ አየሁት። ለገበያ የሚወጣ በሬ ጀርባው እንደሚዳበስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳቦው አልታየኝም።

በዚያው ዓመት መስከረም ከሞጣ አንዲት ወጣት መምህርት ተመድበው መጡ፤ ስማቸው እትዬ ሐዋ ይባል ነበር። ያን ጊዜ ወንድ መምህራንን «ጋሼ»፣ ሴቶቹን «እትዬ» እያልን እንጠራ ነበር። ቤተ ሰቦቻቸው ሞጣ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው። በገቡ ሳምንት መረሬው አንድ ጫማቸውን ዋጠባቸው። ቆፍረው ቢያጡት፣ በአንድ እግራቸው ጫማ በሌላው ጭቃ ተጫምተው ክፍል ገቡ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ትርንጎ፣ «መሬታችን የሞጣ ጫማ ቀምሶ አያውቅም ነበር» ብላ አንሾካሾከች። መምህርቷ ሰሟት። «ቀምሶታል፤ ጣፍጦትም እንደ ሆነ ሁለተኛውን ነገ እሰጠዋለሁ» አሉና ሣቁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደድናቸው።

የሳይንስ ትምህርት እስከዚያ ድረስ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚገለበጥ ነገር ነበር። እትዬ ሐዋ ግን ሁለት የተሰነጠቀ ገበቴ ከየቤታችን አስመጡን። በአንዱ ልሙጥ አፈር ሞሉበት፤ በሌላው ከነሥሩ የተነሣ የሣር ጕማጅ አነጠፉበት። ሁለቱንም በድንጋይ ላይ አዘንብለው በቅል ውኃ አፈሰሱባቸውና ከሥር በጣሳ ተቀበሉት። ከሣሩ የወረደው ውኃ ጥቂትና ንጹሕ ነበር፤ ከልሙጡ አፈር የወረደው ግን እንደ ወፍራም ጠላ ደፍርሶ ጣሳውን ሞላው። ጣሳውን በየፊታችን እያዞሩ፣ «ይህ የማን እርሻ ነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ለማንኛችንም ወዲያው አልገባንም። ትርንጎ ብቻ፣ «የባዘዘው አባት እርሻ ነው፤ አምና ሲሄድ አይቸዋለሁ» አለች። ክፍሉ ሣቀ። ባዘዘው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን መሣቅ አቃተኝ። መምህርቷ ጣሳውን አስቀመጡና ቦረቦሩን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርታችን ከክፍል ይልቅ ውጭ ሆነ። ቦረቦሩ ውስጥ ወርደን የግድግዳውን አፈር በጣታችን እየዳሰስን የላይኛው ለም አፈር የቱ ጋ እንደሚያበቃ አየን። ጎርፉን የሚያዘገይ ክትር መሥራት ተማርን፤ ትልልቁን ድንጋይ ከሥር፣ ትንንሹን በመካከል፣ የእሾህ ቅርንጫፉን ከኋላ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደግሞ የችግኝ መደብ አዘጋጀን። ፕላስቲክ በአገሩ ስላልነበረ የተሰበረ እንስራ፣ ገልና የተቀደደ ቅል ሰበሰብን። ጥቁር አፈር፣ አሸዋና ፍግ አደባልቀን ነፋነው። ወንፊቱን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። እናቴ ስታገኘኝ፣ «ወንፊት የሚነፋው ዱቄት መሆኑን ነው እኔ የማውቀው። ፍግ የሚነፋ ልጅ ከወዴት ወለድሁ?» ብላ ወንፊቱን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ አሽትታውም መልሳ ሰጠችኝ። የዚያ መደብ ሽታ፣ እርጥብ ፍግና ትኵስ አፈር፣ ጧት ጧት ጠል ሲመታው፣ እስከ ዛሬ ባፍንጫዬ አለ።

ዘሩ በብዛት የብሳና ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዳር ከቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር ለቀምነው። ጥቂት ወይራና ዋንዛም ነበረበት፤ ብሳናው ግን ቶሎ ስለሚያድግ መምህርቷ በእርሱ ተስፋ አደረጉ።

ችግኙ የሚተከልበት የቦረቦሩ አፋፍ የወል ግጦሽ ስለ ነበር የሽማግሌዎች ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ነገሩን ያከበዱት የትርንጎ አባት አያ ደስታ ናቸው። አያ ደስታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብዙ ከብት ነበራቸው፤ በሬ የሌለው ሰው ሁሉ ከእርሳቸው ተውሶ ያርሳል። ግጦሹ በየዓመቱ ሲጠብ ያዩ ሰው ነበሩና አንድ ስንዝር መሬት እንዲዘጋባቸው አይፈልጉም። በብዙ ልመና፣ መሬቱ ለአንድ ዓመት ከከብት እንዲከለል ተስማሙ። ውሉን በቃል ያሰሩት የቅኔ መምህሩ የኔታ ነበሩ፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ሊቀ መንበርም እርሳቸው ናቸው። «ችግኙ ከጸደቀ ይከለላል፤ እስከ ግንቦት ካልጸደቀ ለከብት ይከፈታል» አሉ። ሁሉም «ይሁን» አለ። ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎታልና።

በሐምሌ ዝናብ እየደበደበን ተከልን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው እያዩን፣ «እናንተ ልጆች፣ ሰው ጤፍ ይዘራል፣ እናንተ እንጨት ትዘራላችሁ?» እያሉ አላገጡብን። ትርንጎም፣ «ጤፉማ ጎርፍ በልቶት እኮ ነው» አለቻቸው። በዚያ ክረምት ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ ጎርፉን ሊያቆመው አልቻለም፤ ክትሮቹ ግን አዘገዩትና ገደሉ ጌሾው ሥር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ክረምቱ ወጣ። አባቴ፣ «ለከርሞ ነው እንግዲህ» አለ። በመስከረም ችግኞቹ ሰፋፊ ቅጠል አውጥተው ሲወዛወዙ ላየ ሰው ልብ የሚሞሉ ነበሩ። ከምንጭ በቅል ውኃ እየቀዳን እስከ ጥር አጠጣናቸው።

ከዚያ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። የካቲት ሲገባ የብሳናዎቹ ቅጠል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀላ። በመጋቢት ረገፈ። በሚያዝያ አፋፉ ላይ የቀረው የተተከለ ችግኝ ሳይሆን የተሰካ እንጨት ነበር። ትልቅ ብሳና በበጋ ቅጠሉን ቀይሮ እንደሚያራግፍ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን በእጁ ብሳና ተክሎ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ብሳና ራሱ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሰው የሚተክለው ባሕር ዛፍና ጌሾ ነው፤ እነርሱ ደግሞ በጋ ከክረምት ለምለም ናቸው፣ ቅጠላቸው ከረገፈ ሞተዋል። እንግዲህ ሰዉ ብሳናውን የፈረደበት በባሕር ዛፍ ሕግ ነበር። አያ ደስታ ከብት እየነዱ ሲያልፉ አንዱን ችግኝ በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «ለማገዶ ቀጭን፣ ለመቋሚያ አጭር» አሉ። ንግግሩ በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ።

እኔም አምኛቸው ነበር። አባቴም አምኖ ኖሮ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ለአጎቴ ሰው ላከበት። እትዬ ሐዋ ግን በየክፍላችን እየዞሩ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፤ «ማንም ልጅ አንድም ችግኝ እንዳይነቅል። የሞተና የተኛ አንድ አይደለም። የምታውቁት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ስስ አድርጋችሁ ስትፍቁ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።» እርሳቸውም ቢሆኑ ፊታቸው እንደ ቀድሞው አልነበረም። ሰው ሲያያቸው ፈገግ ይላሉ፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ጥፍራቸውን ይነክሳሉ።

ግንቦት ገባና ሽማግሌዎቹ ለውሳኔ ተጠሩ። ስብሰባው እንደ ልማዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ቤት ነበር። እኛ ልጆች በር ላይ ተኰልኵለን ተቀምጠናል። አያ ደስታ ገና ከመቀመጣቸው፣ «ነገሩ አጭር ነው፤ ከሰዓት ከብቶቹን አስገባለሁ» አሉ። አባቴ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። የኔታ ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «መምህሯስ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ከቅጽሩ በር ውጭ ቆመዋል» አላቸው። ሙስሊም ናቸውና ወደ ሰንበቴው ሊገቡ አይችሉም፤ መልእክት ልከውም አላስቸገሩም፤ መጥተው ከውጭ በፀሐይ ቆሙ እንጂ።

የኔታ መቋሚያቸውን ያዙና ተነሡ። «ተከሳሹ ውጭ ቆሞ ፍርድ የለም» አሉ።

አያ ደስታም፣ «የኔታ፣ ሰው ልከን ቃላቸውን እንስማ» አሉ።

«እኔ ሰው ነው መሰለህ ተከሳሽ ያልሁት? ችግኙን ነው። ወደ ቦረቦሩ እንውረድ፤ መምህሯም እዚያ ይገቡልናል፣ በር የለውምና።»

ሽማግሌዎቹ እየሣቁ ተነሡ፤ ጠላው ሳይጠጣ ቀረ። ሁላችንም ተከትለን ወረድን። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ዕለት ስብሰባው ሰንበቴ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቢጨርስ ኖሮ ችግኞቹን ሳያያቸው ይፈርድባቸው ነበር። ሰውን በጨዋነት ለማስተናገድ የተነሣ እግር መሬታችንን አተረፈልን።

አፋፉ ላይ እንደ ደረስን አያ ደስታ እጃቸውን ወደ ደረቁ እንጨቶች ዘርግተው፣ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ካልጸደቀ ብለናል። ይኸው፣ አልጸደቀም» አሉ።

የኔታ ፈገግ አሉ። «ደስታ፣ ቆሞ ያለውን አልጸደቀም ብለህ የምትፈርድ፣ አንተ ማን ሆነህ?»

«ሰው ሌላ፣ እንጨት ሌላ፣ የኔታ።»

«ቃሉ ግን አንድ ነው። ቃሉን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ጽድቅ የሚገኝ ከሥር ነው፤ ቅጠልማ ምስክር ነው፣ ምስክርም ይዋሻል።»

«የኔታ፣ ላሞቼ ቅኔ አይበሉም» አሉ አያ ደስታ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ፤ የኔታም ራሳቸው ሣቁ። ሣቁ ሲያበቃ ግን ሁሉም ያያ ደስታን እውነት እንደ ተቀበለ ከፊቱ ይታይ ነበር። የአባቴ ትከሻ ወረደ።

እትዬ ሐዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ። «አባቶቼ፣ እኔ የማሳየው ቢኖር መርጣ አሳየችን ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ራሳቸው አያ ደስታ ይምረጡ። ከሁሉ የባሰውን ይምረጡና ይስበሩት» አሉ።

አያ ደስታ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቁም። ጥቂት አመነቱና ከአፋፉ ጫፍ፣ ነፋስ ከሚመታው ቦታ የቆመውን እጅግ ቀጭኑን መረጡ። ጫፉን ሰበሩት፤ እንደ ገለባ ቀጭ አለ። ውስጡ ነጭና ደረቅ ነበር። «እንግዲህ» አሉ፤ በድምፃቸው ድል አልነበረበትም። ዝቅ አድርገው ደገሙት። አሁንም ቀጭ አለ። እናቴን ፈለግኋት፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

ያን ጊዜ ትርንጎ ከልጆቹ መካከል፣ «አባዬ፣ ከመሬቱ አጠገብ በጥፍርህ ፋቀው» አለች።

አያ ደስታ ዞረው አዩዋት። «አንቺ ከማን ወገን ነሽ?»

«ከከብቶቹ ወገን ነኝ። ቦረቦሩ መሬቱን ከጨረሰው የት ሊግጡ ነው?»

አንድ ሁለት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። አባቷ ግን ተንበረከኩ። ከአፈሩ ጋር በተያያዘው ግንድ ላይ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አስደግፈው ሳቡ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። በጥፍራቸው ሥር የታየው አረንጓዴ ነበር፤ እርጥብ፣ የሚያበራ አረንጓዴ። አያ ደስታ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ። የብሳናን ሽታ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅጠሉን ለቍስል፣ እንጨቱን ለእርፍ የለመደ አፍንጫ አይሳሳተውም። ረዥም ጊዜ አሽትተው፣ ዐይናቸውን ሳያነሡ፣ «ይህስ አልሞተም» አሉ።

አያ ደስታ ጕልበታቸውን አራግፈው ተነሡና፣ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ይቆይ። እስከዚያ ቅጠል ካላወጣ ግን የኔታም ቅኔ አያድነው» አሉ። የኔታም፣ «ከዚያ ወዲያማ እኔም አልከራከርህም» ብለው መረቁና ተበተንን። እትዬ ሐዋ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

የቀሩት ሳምንታት ረዘሙብን። ደመና በጮቄ በኩል ይከማችና ይበተናል፤ ከሰዓት ነጐድጓድ ይሰማል፣ ዝናብ የለም። ከዚያ ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጠብታው ጀመረ። በማግሥቱም በሠልስቱም ደገመ። አንድ ጧት ትርንጎ እየሮጠች መጥታ ከአጥራችን ማዶ ቆመችና፣ «ባዘዘው፣ ዱላህ ጆሮ አወጣ» አለችኝ። ሮጥሁ። እውነትም በየእንጨቱ ጫፍ እንደ አይጥ ጆሮ ያሉ፣ አመድማ፣ ለስላሳ ቅጠሎች ወጥተዋል። ያልወጣባቸውም ነበሩ፤ እነርሱን በኋላ ነቅለን በምትካቸው ተክለናል። ብዙዎቹ ግን ሕያዋን ነበሩ። አያ ደስታ ሰኔ ሚካኤል ሲመጣ አፋፉን ቀስ ብለው ዞሩትና ከብቶቻቸውን በሌላ መንገድ ነድተው ሄዱ።

በነሐሴ ያ የሚፈራው ጎርፍ መጣ። ቀን ነበር፤ እንደ ደነበረ የበሬ መንጋ እየተንጋጋ ወረደ። እኔ፣ አባቴና ወንድሜ ከጌሾው ኋላ ቆመን አየነው። የመጀመሪያው ክትር ላይ ደርሶ ድንጋዩን ነቀነቀው፣ አለፈው። ሁለተኛው ላይ ቆመ። አበጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በሣሩና በችግኞቹ መካከል ተሰነጣጥቆ መውረድ ጀመረ። ከአፋፉ አንድ ጕማጅ አፈር ተንዶ ወደቀ፤ አባቴ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ። ሌላ ግን አልወደቀም። ዝናቡ ሲያባራ የጌሾው ሥር ሳይነካ ቆሞ ነበር። አባቴ ክንዴን ለቀቀኝ፤ የጣቶቹ ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም። «አለፈ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን ሲናገር አልሰማሁትም።

በመስከረም እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ጭቃና ጭድ አቡክታ አዲስ ጎታ መሥራት ጀመረች፤ እህል የሚከማችበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከተሠራበት ቦታ የማይነቃነቅ ጎታ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ «ይህ እኮ ለሞጣ መንገድ ይከብዳል» አላት። እርሷም ቀና ሳትል፣ «ለሞጣ ማን አለው?» አለችው። አባቴ ሣቀ። ከዚያ በፊት እንዲያ ሲሥቅ ያየሁት መቼ እንደ ነበር አላስታውስም።

ለኔ ግን ሞጣ አልቀረችም። ካደግሁ በኋላ በትምህርትና በሥራ ምክንያት ወደዚያው ሄጄ ቀረሁ። እትዬ ሐዋም ከዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሞጣ ገበያ ውስጥ እንገናኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜም «እትዬ» ከማለት አልወጣሁም። ስለ ቦረቦሩ ስንጨዋወት፣ «እኔ እኮ ያን ዕለት አረንጓዴ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርሁም» አሉኝ አንድ ጊዜ፤ «የባሰውን ይምረጡ ያልሁት፣ የባሰው ከተረፈ ሁሉም ተርፏል ብዬ ነው።» አሁን በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር።

የእኔ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ሌላ ነበር። በየቦታው ቦረቦር መልሶ ሲከፈት፣ የተተከለ ሲቆረጥ እሰማለሁ። ለብዙ ዓመታት በሕመምም በመንገድም ምክንያት ወደ መንደሬ ሳልሄድ ቆይቼ ነበርና፣ ያ ቦታ ምን ሆኖ ይሆን እያልሁ ውስጥ ውስጡን እፈራ ነበር። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ጠራኝና ሄድሁ። ድሮ በእግር የምናቋርጠውን መንገድ ከቢቸና በባጃጅ ወጣሁት። ከሩቅ ያየሁት የብሳና ጫፍ ነው። ግንዶቹን አንድ ሰው ብቻውን አያቅፋቸውም። ገደሉ ተሞልቶ የሣር ሸለቆ ሆኗል፤ የመንደሩ ሰዎች በየተራ ያጭዱታል። የአያ ደስታ የልጅ ልጅም ሸክሙን ተሸክሞ ሲወጣ አገኘሁት።

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ከሸለቆው በታች አዲስ ችግኝ እየተከሉ ነበር። እኛ በገልና በቅል ያፈላነውን እነርሱ በፕላስቲክ ከረጢት ተቀብለውታል፤ እየተከሉም በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። የእኛን ቀን ያነሣ ፎቶ የለም፤ ችግኛችን እንዴት እንደ ዋለ ለማወቅ ተመልሰን መምጣት ነበረብን፣ ያ መመለስ ነው ትምህርት የሆነን። ግን አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ፎቶዎቹ ሁሉ አምና የተተከለ የአንድ ችግኝ ነበሩ፤ በጥቅምት የተነሣ፣ በጥር የተነሣ፣ በሚያዝያ ደርቆ የተነሣ፣ አሁንም ቅጠል አውጥቶ። ለካ እነርሱም ይመለሳሉ። ራሷን ዳበስኋት።

ከሰዓት ወንድሜ በወረሰው በአባታችን ቤት ተቀምጠን ሳለ ሰማዩ ጠቈረና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በእኛ ጊዜ ዝናብ እንዲህ ሲጀምር በዚያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አልነበረም፤ አባቴ ወደ ደጅ ይወጣል፣ እናቴ የእህሉን ስልቻ ታነሣለች፣ እኔ ወንድሜን እይዛለሁ። እኔም ሳላውቀው ብድግ አልሁ። የወንድሜ የልጅ ልጆች መሬት ላይ ተደፍተው ገበጣ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አያቴ፣ ምን ፈለጉ?» አለኝ።

«ምንም» አልሁት።

«እንግዲያው ይቀመጡ እንጂ፤ ብርሃኑን ጋረዱብን» አለኝና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ተቀመጥሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማናቸውም ወደ ደጅ አላዩም።